ለጃንሜዳና ለባሌ ተራሮች የትኛውን የስላይድ ፊልም ልያዝ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጥር አገር ቤት እገባለሁ። ጥምቀትን ጃንሜዳ አከብርና ከዚያ ወደ ባሌ ተራሮች እወጣለሁ። አባቴ በፈረንጅ 1970ዎቹ ያነሳቸው ስላይዶች፣ ማለትም በፕሮጀክተር የሚታዩ የፊልም ሥዕሎች፣ ቤታችን አሉ፤ ቀለማቸው እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም። እኔም እንደሱ በስላይድ ማንሳት አምሮኛል። እስካሁን የሠራሁት ቀለሙ ተገልብጦ ወጥቶ ኋላ በሚታተመው በኔጋቲቭ ፊልም ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያልተከፈተ ኮዳክሮም 64 የተባለ የድሮ የኮዳክ ስላይድ ፊልም የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልግዛው? ካልሆነስ የፉጂው ቬልቪያ 50 ከሁሉም ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው? ደግሞ ፊልም ብርሃን ሲበዛለት ያምራል ስለተባልኩ ሁሌ አንድ ስቶፕ እጨምራለሁ፤ ብርሃኑን እጥፍ አደርጋለሁ ማለት ነው። ለስላይድም ይሠራል? ስንት ፊልም ይበቃኛል?»

መልስ፦ ኮዳክሮሙን አትግዢ። ሻጩ ላይዋሽሽ ይችላል። ፊልሙ እውነተኛ፣ ማሸጊያውም ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚያጥብልሽ አለመኖሩ ነው። ኮዳክ ኮዳክሮምን ማምረት ያቆመው በ2009 ነው። በቀለም ያጥበው የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ ካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ፣ በ2010 መጨረሻ መቀበል አቆመ።

ሌላ ቤት ለምን አይሠራውም ትዪኝ ይሆናል። ሌሎቹ የስላይድ ፊልሞች ቀለም የሚሆነውን ንጥረ ነገር ከፋብሪካ ጀምሮ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ኮዳክሮም ግን በጥሬው የተደራረበ የጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቀለሙ የሚገባው ሲታጠብ፣ ኬ-14 በሚባል ረጅምና አስቸጋሪ ሂደት ነበር። ያ መሥመር ዛሬ የለም። አሁን ብታሳጥቢው የምታገኚው ጥቁርና ነጭ ነው፣ እሱም እንደ ዕድልሽ።

የአባትሽን ስላይዶች ክፈፍ ገልብጠሽ እዪ። ብዙዎቹ ላይ ኮዳክሮም የሚል ጽሑፍ ብታገኚ አይገርመኝም። ኮዳክሮም ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙን በመያዝ የሚወዳደረው አልነበረም። የዚያ ዘመን ኤክታክሮም፣ ሌላው የኮዳክ ስላይድ፣ ግን ብዙው ወደ ሮዝ ዞሯል። ነገር ግን ያው ኮዳክሮም የፕሮጀክተር መብራት አይወድም። ደጋግሞ ሲታይበት ከሌሎቹ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ለዘመድ ማሳየት ካስፈለገ ስካን አስደርጊና ስካኑን አሳዪ። ዋናው ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ።

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር ልምጣ። ከፊልም ምርጫው በላይ ያሳሰበኝ አንድ ስቶፕ የመጨመር ልማድሽ ነው። ለኔጋቲቭ ትክክል ነው። ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል እንጂ መረጃው አይጠፋም፤ በኋላ ሲታተም ወይም ስካን ሲደረግ ይመለሳል። ስላይድ ተቃራኒው ነው። ብርሃን ሲበዛበት ይነጣል፣ ከዚያም ጭራሽ ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል። በባዶ ፕላስቲክ ላይ ማንም ባለሙያ፣ ምንም ማሽን፣ የሚያወጣው ነገር የለም። በአንድ ስቶፕ ትርፍ የተነሳ የጥምቀት ሥዕል ማለት ነጠላው ሁሉ ፈሶ አንድ ነጭ ሸራ የሆነበት ሥዕል ነው።

ስላይድ በደህና የሚይዘው የብርሃንና የጥላ ልዩነት አምስት ስቶፕ ገደማ ነው። ኔጋቲቭ ከዚያ እጥፍ ያህል ይሸከማል። ስለዚህ በስላይድ መጀመሪያ የሚለካው ብሩሁ ቦታ ነው። ብሩሁን ካዳንሽ ጥላው የሚሆነውን ይሁን። ጥቂት የጨለመ ስላይድ በጥሩ ስካነር ትንሽ ይነሳል፣ የነጣው ግን አይነሳም። ከተጠራጠርሽ ሲሶ ስቶፕ ቀንሺ። ከዚያ በላይ «ለጥንቃቄ» ብለሽ አትቀንሺ፤ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ይሆናል።

ጨልሞ የተነሳን ፊልም በእጥበት ማዳን ይቻላል የሚል ሰው ታገኛለሽ። ግማሽ እውነት ነው። ኢ-6 በሚባለው በተለመደው የስላይድ እጥበት የመጀመሪያው ገላጭ ኬሚካል 38 ዲግሪ ላይ ለ6 ደቂቃ ይሠራል። ሰዓቱን በማስረዘም አንድ ስቶፕ መግፋት ይቻላል። ነገር ግን የሚገፋው ሙሉው ፊልም ነው፤ አንድ ሥዕል ለይቶ ማዳን የለም። በዚያ ላይ ንፅፅሩ ይከራል፤ ቀድሞውንም የከረረ ፊልም ነው።

ዛሬ ሱቅ ሄደሽ በቀላሉ የምታገኚያቸው የስላይድ ፊልሞች ጥቂት ናቸው፦ የፉጂ ቬልቪያ 50 እና ፕሮቪያ 100ኤፍ፣ የኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100። ሌላ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡም አሉ፤ አንዳንዶቹ የሲኒማ ኤክታክሮም ተቆርጦ የተጠቀለለባቸው ናቸው። ቬልቪያ 100 ውስጡ ባለ አንድ ኬሚካል ምክንያት ከ2021 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም። ስለዚህ «ቀረኝ» ብሎ የሚያቀርብልሽ ካለ አሮጌ ክምችት ሊሆን ይችላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ መኪና ውስጥ አታውቂም። ጊዜው ያለፈበት ኔጋቲቭ ያጫውታል። ጊዜው ያለፈበት ስላይድ ግን ቀለሙን ይዞ ይጠፋል። አንዴ ብቻ ለሚገኝ ጉዞ አይሆንም። ሦስቱም የሚታጠቡት በዚያው በኢ-6 ስለሆነ ብታደባልቂያቸው ችግር የለውም።

ቬልቪያ 50 ከሁሉም ይበልጣል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ፊልሙ በ1990 ሲወጣ እንደሱ ቀለም የሚያወጣ አልነበረም። እንደ ጌለን ሮዌል ያሉ የተራራ ፎቶ አንሺዎች ወደዱት፣ የቱሪዝም ካላንደሩም ሁሉ በሱ ተሞላ። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፣ የንጋት ሰማዩም ያቃጥላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሁለት ነገር በስህተት ይነገርለታል። አንደኛው «አይ ኤስ ኦው (ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት) ዝቅ ያለ ስለሆነ ቅንጣቱ ከሁሉም ይደቃል» የሚለው ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያወጡት የቅንጣት ልኬት ለቬልቪያ 50 ዘጠኝ፣ ለፕሮቪያ 100ኤፍ እና ለኢ100 ስምንት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ማለትም ከፍጥነቱ አንድ ስቶፕ ከፍለሽ በቅንጣት የምታተርፊው የለም። ሁለተኛው ስህተት ቬልቪያ ለ«ውጭ ሥዕል» ሁሉ ይሆናል የሚለው ነው። ውጭ ያለው ነገር ዛፍ ብቻ አይደለም። ሰውም አለ።

የእኛን ቆዳ ቬልቪያ አያውቀውም። ጠይሙን ወደ ጡብ ቀይ ይጎትተዋል፣ ጥላ ያለበትን ጉንጭ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ። ጥቁር ያለው ፊት በከረረው ንፅፅር ዝርዝሩን ያጣል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ የጥምቀት ሥዕል ብዙ ታይቷል፣ እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ጃንሜዳ ላይ ቬልቪያ ካሜራሽ ውስጥ እንዳላይ።

ለጃንሜዳ ኤክታክሮም ኢ100 ያዢ። ኮዳክ በ2012 የስላይድ ፊልሞቹን በሙሉ አቁሞ ነበር፤ ይሄኛው በ2018 ተመልሶ መጣ። ቀለሙ ንጹሕ ነው፤ ሳያጋንን ይደምቃል። የፊትን ቡናማ ቡናማ አድርጎ ይተወዋል። ፕሮቪያም ይሠራል፣ ግን ጥላ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ትንሽ ያደላል። ለሰው ፊት እኔ ኢ100ን አስቀድማለሁ።

ያም ሆኖ ጥምቀት ለማንኛውም ስላይድ ፈተና ነው። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አንድ ፀሐይ ሥር ሆነው እንኳ በመካከላቸው ከሦስት ስቶፕ በላይ ልዩነት አለ። ይህ በአምስቱ ውስጥ ይገባል። ግን ሰውየው ፊቱን ከፀሐይ ካዞረ ወይም ነጠላው ግንባሩ ላይ ጥላ ከጣለ፣ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ስቶፕ ይጨመርና ነገሩ ያልቃል። ፊልሙ ሁለቱንም አይዝም። መፍትሔው ካሜራው ውስጥ አይደለም፤ የምትቆሚበት ቦታ ነው። ወይ ፀሐይዋ ፊታቸውን የምታገኝበት ጎን ቁሚ፣ ወይ ሰውየውም ልብሱም ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ያሉበትን ፈልጊ። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ሲያልፉ ከሥሩ ያለው ብርሃን ለስላሳና እኩል ነው። እዚያ ለኪ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ቢነጣም ቅር አይልሽም። ጥላ ውስጥ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ስለሚሆን 81ኤ የሚባለው ሞቅ የሚያደርግ ፊልተር ይረዳል። ፍላሽ አልመክርም። ጸሎት ላይ ነው ያሉት።

ካሜራሽ ውስጥ ያለው ላይት ሜትር ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ክፈፉ በነጠላ ከተሞላ ነጠላውን አመዳም ያደርገዋል፣ ፊቱንም አብሮ ያጨልመዋል። ክፈፉን በፀሐይ ባለ ነጠላ ብቻ ሞልተሽ ለኪ፣ ከዚያ አንድ ተኩል ስቶፕ ክፈቺ። ከሁለት አትለፊ። ያን ልኬት ይዘሽ በዚያው ብርሃን ውስጥ ያለውን ሁሉ አንሺ፤ በየሥዕሉ አትለኪ። በእጅ የሚያዝና የሚወርደውን ብርሃን የሚለካ ሜትር ካለሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ምንም ሜትር ባይኖርም ጠራራ ፀሐይ ላይ ለአይ ኤስ ኦ 100 ፊልም 1/125 ሰከንድ በኤፍ 16 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው) የቆየ ቀመር ነው፤ ነጠላውንም አያነጣም። የሜትርሽን ንባብ ከዚህ ጋር አስተያዪው። በጣም ከራቀ ሜትሩን ተጠራጠሪ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ባትቆምም በጣም ከፍ ትላለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የዓይን ሥር ጥላ ይጀምራል። የጥምቀት ዋናው ሥርዓት ማልዶ መሆኑ ለአንቺ ስጦታ ነው። ከተራም አለልሽ፤ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ የሚወርዱት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከ10 ሰዓት ወዲያ ብርሃኑ ጎን ለጎን ይመጣል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ፊልሙን ቆጥቢ። የግድ ካልሆነብሽ ካሜራውን አስቀምጪና በዓሉን አክብሪ።

ባሌ ሌላ ዓለም ነው። ከጎባ ወጥተሽ የሳነቴ አምባ ላይ ስትደርሺ ከ4000 ሜትር በላይ ነሽ፤ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ አልትራቫዮሌቱ ብዙ ነው። ዓይንሽ የማያየውን ፊልሙ ያየውና ሩቁን ተራራ ሰማያዊ ያለብሰዋል። የዩቪ ወይም ስካይላይት ፊልተር ከሌንሱ ላይ አይውረድ። ፖላራይዘር የሚባለውን ነጸብራቅ ቀናሽ ፊልተር ግን ተጠንቀቂበት። በዚያ ከፍታ ሰማዩ ራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ፖላራይዘር እስከ መጨረሻው ሲዞርበት ጥቁር ይሆናል። ቬልቪያ ከተጨመረበት ደግሞ ሌሊት ይመስላል። በሰፊ ሌንስ ከሆነ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጥቶ ይቀራል። ጅብራ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ለመቀነስ ትንሽ ብቻ አዙሪው። ብርሃንም አንድ ተኩል ወይም ሁለት ስቶፕ ይበላል። ከዚህ ይልቅ ላዩ የጠቆረ ታቹ ንጹሕ የሆነ ፊልተር ይጠቅምሻል። ንጋት ላይ ሰማዩ ደምቆ መሬቱ ሲጨልም ሁለቱን ወደ አምስቱ ስቶፕ የሚያስገባልሽ እሱ ነው።

ቀይ ቀበሮ ለማንሳት ፊልሙ ዘገየብኝ የሚል ስጋት ይኖርሽ ይሆናል። በሙሉ ፀሐይ አይ ኤስ ኦ 100 ፊልም በኤፍ 5.6 እስከ 1/1000 የሚጠጋ ፍጥነት ይሰጣል። ለ300 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። በቬልቪያ 50 ግማሹ ነው፣ ቀበሮው ደግሞ አይጠብቅሽም። በዚያ ላይ የቀበሮውን ቀይ ቬልቪያ ወደ ብርቱካን ይወስደዋል። ስለዚህ እዚህም ኢ100። ዲንሾ ላይ ለደጋ አጋዘንም እንደዚያው። ፀሐይ ስትገባ ግን የእንስሳ ፎቶ አለቀ። ሁለት ስቶፕ ገፍቼ ልሥራ አትበይ።

ቬልቪያ ቦታው የሐረና ደን ነው። ከሳነቴ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ደኑ ውስጥ ሲያስገባሽ ብርሃኑ በአንዴ ይለወጣል። ግንዱ ሁሉ ሽበት ለብሷል፣ አረንጓዴው ድርብርብ ነው። ደመና ሲሆን ንፅፅሩ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ሌላ ፊልም የሚያፈዘውን ቬልቪያ ያነሳዋል። ፀሐይ በቅጠል መካከል ነጠብጣብ ከሠራች ግን ተይው፣ ማንኛውም ስላይድ አይችለውም።

እዚያ ትራይፖድ ግዴታ ነው። በቬልቪያ 50 በኤፍ 11 አንድ ሰከንድ ቢጠይቅሽ አይግረምሽ። ከአንድ ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ፊልሙ ይሰንፋል፤ ሜትሩ ያለሽን ብቻ ብትሰጪው ጨልሞና አረንጓዴ ተቀብቶ ይወጣል። በፉጂ ሠንጠረዥ መሠረት 4 ሰከንድ ላይ ሲሶ ስቶፕ፣ 16 ላይ ሁለት ሦስተኛ፣ 32 ላይ አንድ ሙሉ ስቶፕ ትጨምሪያለሽ፤ ቀለሙን ለማስተካከል ደግሞ የማጀንታ ፊልተር ያዝዛል። 64 ሰከንድን ፉጂ ራሱ አይመክርም። ኢ100 እስከ 10 ሰከንድ ማስተካከያ አይፈልግም። ፕሮቪያ 100ኤፍ በዚህ በኩል ሁሉንም ያስከነዳል፤ እስከ 128 ሰከንድ ምንም አይነካውም። የሌሊት ሥራ ካሰብሽ አንድ ፕሮቪያ ጨምሪ። ካላሰብሽ አያስፈልግሽም።

በጥር ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ መለዋወጫውን ኪስሽ ውስጥ ሰውነትሽ ጋር ያዢ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቢ ካሜራውን ፕላስቲክ ውስጥ አስረሽ አስገቢና እስኪሞቅ አትክፈቺ፤ ላብ ያወጣል። ቀን ደግሞ ፊልም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ።

አየር ማረፊያ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ፊልም በምንም ተአምር ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የዚያ ማሽን ጨረር ከባድ ነው። በእጅሽ ያዢው፣ ከካርቶኑ አውጥተሽ በሚታይ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጊው። በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ ይህን መጠየቅ ይፈቀድልሻል። አዲሶቹ የሲቲ ስካነሮች ዝቅተኛ አይ ኤስ ኦ ያለውንም ፊልም ስለሚጎዱ እዚያ ላይ ሙጭጭ በዪ። ቦሌ ላይ ከአንድ በላይ ፍተሻ ያጋጥምሻል፤ በትህትና ጠይቂ፣ ጊዜም ያዢ። እምቢ ካሉሽና ማሽኑ የድሮው ኤክስሬይ ከሆነ፣ ለአይ ኤስ ኦ 100 ፊልም ጥቂት ጊዜ ማለፍ ብዙ አይጎዳም። በእርሳስ የተሸፈነ ቦርሳ አልመክርም፤ ፈታሹ ማየት ካቃተው ይደግመዋል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ባለ 36 አሥር ኢ100 እና ሁለት ቬልቪያ 50 ያዢ። አራቱ ለከተራና ለጥምቀት፣ የቀሩት ለባሌ። አንዱ ፊልም ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ ማሳጠቢያው ለብቻ፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልገፋፋሽም። ግን አሥራ ሦስተኛ ፊልም ግዢና ከመሄድሽ በፊት በታኅሣሥ እዚያው ሰፈርሽ አንሺበት። ነጭ ልብስ የለበሰ ዘመድ ፀሐይ ላይ አቁሚ፣ በግማሽ በግማሽ ስቶፕ እየለዋወጥሽ አንሺው፣ የእያንዳንዱንም ልኬት ጻፊ። ኔጋቲቭ የካሜራሽን ሹተር (ብርሃን የሚያስገባውን በር) ስህተት ለዓመታት ሸፍኖልሽ ሊሆን ይችላል። ስላይድ በአንድ ቀን ያጋልጠዋል። ሹተሩ ከዘገየ አሁን እወቂው፣ ጃንሜዳ ላይ አይደለም።

ያነሳሽውን በእጅሽ ይዘሽ ተመለሽ፣ ከአገር ቤት በፖስታ አትላኪ። የሚያጥብልሽን ቤት ኢ-6 ይሠራ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ ቤቶች የሚሠሩት የኔጋቲቩን ሲ-41 ብቻ ነው፤ በዚያ ከገባ ቀለምሽ ተገልብጦ ይወጣል። እያንዳንዱን ፊልም ስታወጪ ቦታውንና ቀኑን ጻፊበት። መጀመሪያ ብዙም የማትሳሺለትን አንዱን ብቻ ላኪና ውጤቱን መብራት ላይ አድርገሽ እዪ። ደህና ከሆነ ቀሪዎቹን ላኪ።